ካምፐር ከቅርብ ዲለር ይገዛ ወይስ ከሌላ ስቴት?

(ይህ ጽሑፍ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰሙት ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲለጠፍ ኮሚቴው ወስኗል።)



እንደምታውቁኝ የኔ ሥራ ቃለ ጉባኤ መጻፍና መዋጮ መሰብሰብ ነው እንጂ ንግግር ማድረግ አይደለም። ትምህርቴም ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ስሳሳት ታልፉኛላችሁ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት ግን ያለብኝን ዕዳ ለመክፈል ነው። ዕዳው የገንዘብ አይደለም፤ የቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ አምስት ቤተሰቦች የዕቁብ ገንዘባቸውን አስተባብረው አንድ ካምፐር በጋራ ለመግዛት ማሰባቸውን ነግረውናል። ካምፐር ማለት ለማያውቀው በመኪና የሚጎተት፥ መኝታ፥ ምድጃና መጸዳጃ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ስንኖር የሼናንዶዋ ተራራ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከስልካቸው ጋር ተፋጠው ይውላሉ። ለአምስት ቤተሰብ ሆቴል ከመክፈል አንድ ካምፐር በተራ መጠቀም ብልኅነት ነው።

ታዲያ የት ይገዛ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፥ አንዱ ወንድማችን ብድግ ብሎ፥ «ጸሐፊያችን ኢንዲያና ድረስ ሄዶ ገዝቶ ወደ አራት ሺህ ዶላር አትርፎ የለም እንዴ! እኛስ ለምን እዚያው አንሄድም?» አለ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ነው ወሩን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ። እውነቱን ልናገር፦ አላተረፍኩም። አተረፍኩ ብዬ ያወራሁት ገና ከመንገድ እንደ ገባሁ፥ ሒሳቡ ሳያልቅ ነው። ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ደግሞ አፍሬ ዝም አልኩ።

የኔ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደይ ወራት ከዚህ 25 ማይል ያህል ርቆ ካለ ዲለር ዘንድ አንድ አዲስ ተጎታች ካምፐር አየን። ዋጋው 31,200 ዶላር ነበር። ልክ እሱን የመሰለ፥ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፥ ኢንዲያና ስቴት ያለ ዲለር 27,400 ዶላር ይሸጣል። ለምን ረከሰ ብላችሁ እንደሆነ ምክንያት አለው። የአሜሪካ ካምፐር አብዛኛው የሚሠራው ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት በምትባል ከተማና በዙሪያዋ ነው። ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ያለ ዲለር የማጓጓዣው ወጪ ይቀልለታል፤ ብዙም ስለሚሸጥ በትንሽ ትርፍ ይለቃል። ይህ ሐሰት አይደለም። ዋጋው በእርግጥም ርካሽ ነበር።

ልዩነቱ 3,800 ዶላር ነው። በታክሱ ላይ የሚቀንሰውን ስንጨምር 3,958 ዶላር ሆነ። እኔም ለባለቤቴ፥ «አራት ሺህ ዶላር መንገድ ላይ ወድቆ እያየሁ አልፌ ልሂድ?» አልኳት። እሷ ግን፥ «ቢበላሽ ማን ይሠራልሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። «አዲስ ዕቃ ምን ይበላሻል!» ብዬ አለፍኳት።

ከኛ ሰፈር ኤልክሃርት ወደ 600 ማይል ነው። ሄድኩ፤ ገዛሁ፤ እየጎተትኩ ተመለስኩ። ነዳጅ፥ የቶል ክፍያና ማደሪያ 790 ዶላር ወጣ። ተጎታች ሲጨመር ቶሉም ይጨምራል፤ ይህን አላውቅም ነበር። ከሥራ የቀረሁባቸው አራት ቀናት ደግሞ 640 ዶላር ናቸው። ይህን ያን ጊዜ አልቆጠርኩትም። የራሳችንን ቀን ወጪ ነው ብለን አንቆጥርም እኮ!

በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ዘነበ። በማግሥቱ ካምፐሩን ስከፍተው ከወለሉ ላይ ውሃ አገኘሁ። በቁልፍ ሲነካ ወደ ውጭ የሚገፋው የክፍሉ ጎን አለ፤ በሱ ማዕዘን በኩል ያፈሳል። የዋስትናውን ወረቀት ይዤ እዚህ ቅርብ ወዳለው ዲለር ሄድኩ። ያ መጀመሪያ ዋጋውን ጠይቄ ትቼው የሄድኩት ነው። ሰውየው በትሕትና፥ «ቅድሚያ የምንሰጠው ከኛ ለገዙ ነው። ያንተን ከአራት ወር በኋላ ልናየው እንችል ይሆናል፤ ቃል ግን አልገባም» አለኝ። ኢንዲያና ስደውል፥ «አምጣው፥ በነፃ እንሠራዋለን» አሉኝ። በነፃ! 600 ማይል ጎትቼ!

እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እቤት ድረስ የሚመጣ ጠጋኝ ጠራሁ። 650 ዶላር ከፈልኩ። ለፋብሪካው ደረሰኙን ስልክ፥ አስቀድመህ ፈቃድ አልጠየቅህም ብሎ መለሰልኝ። ውሃውም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መጣ። በመጨረሻ ወደ ኢንዲያና ወሰድኩት። ሥራው ሰባት ሳምንት ስለሚፈጅ ጥዬው ተመለስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ለማምጣት እንደገና ሄድኩ። እያንዳንዱ ጉዞ 700 ዶላር ወጪና የሦስት ቀን ሥራ፥ ማለት 480 ዶላር ፈጀ። ሁለቱ ጉዞ በድምሩ 2,360 ዶላር ነው።

እንግዲህ ደምሩልኝ። 790፥ 640፥ 650 እና 2,360 ሲደመር 4,440 ዶላር ነው። ካተረፍኩት 3,958 ላይ ስናነሣ 482 ዶላር ከሰርኩ ማለት ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ያን ዓመት ልጆቼ ካምፐር ውስጥ ያደሩት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት ካምፐራችን ኢንዲያና ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው። በኋላ ከዚያ ከቅርቡ ዲለር ሠራተኛ ጋር ስንጨዋወት፥ «የኢንዲያናውን ዋጋ በጽሑፍ ይዘህ መጥተህ ቢሆን ሁለት ሺህ እንቀንስልህ ነበር» አለኝ። አልጠየቅሁም! አገር ቤት ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ስንከራከር የኖርን ሰዎች እዚህ በሠላሳ ሺህ ዶላር ዕቃ ላይ የተጻፈውን ዋጋ የወንጌል ቃል አድርገን እናየዋለን።

የእኅታችን ጉዳይ

ይህን የምናገረው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ እሷም እዚሁ ተቀምጣለች። የኔን ጉራ ሰምተው እ.ኤ.አ. በ2023 እሷና ባለቤቷ ከፍሎሪዳ ያገለገለ ካምፐር በ14,000 ዶላር ገዙ። በስልክ የተላከላቸው ፎቶግራፍ እንደ ሙሽራ ያበራል። ሻጩ ሌላ ገዢ አለ ስላላቸው ቸኩለው 1,500 ዶላር ቀብድ ላኩ። ቀብዱ አይመለስም የሚለው ቃል በውሉ ላይ በትንንሽ ፊደል ነበር። ከዚያ ቀሪውን ከፍለው፥ ለሚያመጣው ሰው 1,300 ዶላር ጨምረው አስመጡት።

ሲከፈት የሽቶና የበረኪና ሽታ ነበረው። በወሩ ከአልጋው ሥር ያለው እንጨት ሻግቶ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ትንሹ ልጃቸው አስም አለበት፤ አንድ ሌሊት ሊያድርበት አልቻለም። በኋላ በሻሲው ቁጥር ሲጣራ ካምፐሩ ቀደም ብሎ በሌላ ስቴት በጎርፍ የተበላሸ ተብሎ ተመዝግቦ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ፍሎሪዳን የመታው ኢያን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ትዝ ይላችኋል። ታይትል፥ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው፥ ከስቴት ወደ ስቴት ሲዛወር የጎርፍ ምልክቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የያዙት ታይትል ላይ ምንም አልነበረም።

ያን ካምፐር በመጨረሻ ጉዳቱን ተናግረው በ4,000 ዶላር ሸጡት። እኅታችን አንድ ቀን፥ «አንተን አምኜ ነው እኮ የላክሁት» አለችኝ። እኔ ያንን ካምፐር ግዙ አላልኳቸውም። ነገር ግን ከሩቅ መግዛት ትርፍ ነው ብሎ ያወራው የኔ አፍ ነው። ዛሬ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን ሲያጠፋ፥ መንግሥት ቤት ለፈረሰባቸው ከ100 ሺህ በላይ ተጎታች ቤቶችና ካምፐሮች ገዝቶ ሰጠ። በ2008 የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት መርምሮ በብዙዎቹ ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ለጤና ጎጂ ጋዝ በዝቶ መገኘቱን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በጨረታ ሲሸጡ ለመኖሪያ አይሆኑም የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ነበር። ጽሑፉ ግን ይላጣል። በየስቴቱ ተበትነው ለማያውቅ ሰው ተሸጡ። ዕቃ ከተወለደበት ሲርቅ ታሪኩ ይጠፋል፤ ይህን አትርሱ።

ስለ ታክስ የምንሳሳተው

ብዙዎቻችን፥ «ዴላዌር የሽያጭ ታክስ የለም፤ እዚያ ብንገዛስ?» እንላለን። ዴላዌር የሽያጭ ታክስ አለመኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ካምፐሩን ቨርጂኒያ ሲያስመዘግብና ታርጋ ሲያወጣ፥ ዲኤምቪ 4.15 በመቶ ያስከፍለዋል። የትም ይግዛው የትም፥ ታክሱ የሚከተለው የሚኖርበትን አድራሻ ነው። ለ30,000 ዶላር ካምፐር 1,245 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ የውጭው ዲለር የራሱን ስቴት ታክስ ያስከፍል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካስከፈላችሁም ደረሰኙን ለዲኤምቪ አሳዩ። አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ ካውንቲው በንብረት ላይ የሚጥለው ግብር ለካምፐርም አለ።

አንዳንድ ደላሎች ደግሞ ሞንታና በሚባለው ስቴት በስም ብቻ ድርጅት አቋቁማችሁ እዚያ አስመዝግቡት፥ ታክስ አትከፍሉም ይላሉ። ቨርጂኒያ እየኖሩ፥ ቨርጂኒያ እያቆሙ፥ ይህን ማድረግ ከግብር መሸሽ ነው። ስቴቶች ይህን ተከታትለው ከነቅጣቱ ያስከፍላሉ። እኛ በዲቪም ይሁን በሌላ መንገድ ወደዚህ አገር መጥተን ወረቀታችንን አክብረን የምንኖር ሰዎች ነን። ለሺህ ዶላር ብለን ስማችንን እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ አናግባ።

ስለ ዋስትና የምንሳሳተው

1ኛ/ አዲስ ካምፐር ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት የፋብሪካ ዋስትና አለው። እኛ እንደ ቶዮታችን ወደ የትኛውም ዲለር ብንወስደው የሚሠራ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ብዙ የካምፐር ዲለሮች ከነሱ ያልተገዛውን ወደ ኋላ ያቆዩታል፤ ወይም አንቀበልም ይላሉ። ፋብሪካው ለዋስትና ሥራ የሚከፍላቸው ከሌላው ደንበኛ ያነሰ ስለሆነና ስለሚዘገይ ነው። ወደ ዲለሩ ለመጎተት የምታወጡትን ነዳጅና የምታጠፉትን ቀን ደግሞ ዋስትናው ብዙውን ጊዜ አይከፍልም።

2ኛ/ የካምፐር ዋስትና አንድ አይደለም። የቤቱ የአንዱ ነው፤ የማቀዝቀዣው፥ የውሃ ማሞቂያው፥ የአየር ማቀዝቀዣው ደግሞ የየራሳቸው ፋብሪካ ዋስትና አላቸው። ሁሉንም ወረቀት በአንድ ፋይል አስቀምጡ።

3ኛ/ «የተበላሸ መኪና የሚመልስ ሕግ አለ» ይባላል። አለ። ነገር ግን የቨርጂኒያው ሕግ በራሱ ሞተር የሚሄደውን የካምፐር ዓይነት እንኳ የሚሸፍነው ሞተሩንና ሻሲውን ነው፤ ተጎታቹን አይጨምርም። በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትናን የሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ እሱ ይረዳል። ግን ጠበቃና ጊዜ ይጠይቃል።

4ኛ/ «በሦስት ቀን ውስጥ ሐሳቤን ብለውጥ እመልሰዋለሁ» የሚል ሰው አለ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ ዲለሩ ግቢ ሄዳችሁ ለገዛችሁት ዕቃ አይሠራም። ፈርማችሁ ከወጣችሁ የናንተ ነው።

5ኛ/ ሪኮል የሚባለው ግን ከዋስትና የተለየ ነው። ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ጉድለት ተገኝቶ ፋብሪካው ሲጠራ፥ ካምፐሩ የትም ይገዛ የት ጥገናው በነፃ ነው። በመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኩል ማጣራት ይቻላል።

የቅርቡም ዲለር ቢሆን

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎረቤትም ጎረቤት ነው። የቅርብ ዲለር ስለሆነ ብቻ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትግዙ። የቅርቡም ቢሆን በተጻፈው ዋጋ ላይ የማዘጋጃ፥ የማጓጓዣ፥ የወረቀት እያለ ይጨምርባችኋል። ሲገዙ ሳቅ፥ ሲያስጠግኑ ወረፋ የሚሆንበትም አለ። ስለዚህ ከመሸጫ ክፍሉ በፊት ወደ ጋራዡ ሂዱ። እዚያ ካምፐር ሊያሠራ የመጣ ሰው ታገኛላችሁ። «ስንት ሳምንት ጠበቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሻጭን አፍ ከመስማት የሱን ፊት ማየት ይበልጣል።

እንደዚሁም ከሌላ ስቴት ገዝቶ በደንብ የተጠቀመ ሰው በመካከላችን አለ። እሱ ሳይናገር እኔ ብቻ ተናግሬ ብወርድ ዳኝነት አይሆንም። ይህ ወንድማችን ምን አደረገ? ከመሄዱ በፊት እዚህ ያለ ከዲለር ጋር ያልተያያዘ የካምፐር ጋራዥ ሄዶ፥ «ይህን ፋብሪካ ዋስትና ትሠራላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ፋብሪካው ደግሞ አስቀድሞ በስልክ ፈቃድ ከተጠየቀ በዚያ ጋራዥ እንደሚያሠራ በጽሑፍ እንዲመልስለት አደረገ። ከዚያ ለዲለሩ የማይሠራ መርማሪ 600 ዶላር ከፍሎ ቀጠረ። መርማሪው 19 ጉድለት ጻፈ። ዲለሩ ሁሉንም እስኪያስተካክል ድረስ ቀሪውን ገንዘብ አልከፈለም። ትርፉ ሁሉ ተቀናንሶ 2,100 ዶላር ነው፤ ወረቀቱን አይቻለሁ።

እንግዲህ የኔና የሱ ልዩነት ምንድን ነው? ሁለታችንም የሄድነው ሩቅ ነው። እሱ ግን ከመግዛቱ በፊት ጠጋኙን አገኘ፤ እኔ ከገዛሁ በኋላ መፈለግ ጀመርኩ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ መጀመሪያ የሚጠግንላችሁን ሰው ፈልጉ፥ ከዚያ የሚሸጥላችሁን። የሚጠግን ካልተገኘ ርካሹን ተዉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለአምስቱ ቤተሰቦች የምለው

ሀ/ ዋጋን የምታወዳድሩት «ሁሉን ከፍዬ ከበር ስወጣ ስንት ነው?» ብላችሁ፥ በጽሑፍ ተቀብላችሁ ነው። የሩቁ ላይ የመንገዱን፥ የማደሪያውን፥ ከሥራ የምትቀሩበትን ቀን፥ የመርማሪውን ዋጋ ጨምሩ። ከዚህም ላይ ለጥገና አንድ ጊዜ ወስዶ ማምጣት ቢያስፈልግስ ብላችሁ ሁለት ጉዞ ደምሩ። ከዚያ በኋላ የተረፈ ካለ፥ ትርፍ ማለት እሱ ነው።

ለ/ የሩቁን ዋጋ ይዛችሁ ለቅርቡ ዲለር አሳዩት። ግማሹን እንኳ ቢቀንስላችሁ የቅርቡ ይሻላችኋል።

ሐ/ ካምፐሩን ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ቀብድ ከሰጣችሁም እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይጻፍ። «ሌላ ገዢ መጥቷል» ለሚላችሁ፥ «ይሽጥለት» በሉት።

መ/ ያገለገለ ከሆነ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻሲ ቁጥር ወስዳችሁ በፌዴራሉ የታይትል መዝገብ በኩል ታሪኩን አስወጡ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። እኅታችን ይህን ብታውቅ ኖሮ አሥር ሺህ ዶላር ባልጠፋት ነበር።

ሠ/ ጎማውን እዩ። በጎማው ጎን ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግራሉ። 3219 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የካምፐር ጎማ ብዙ ስለሚቆም ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ሻጩ፥ «ጎማው አዲስ ነው፥ አልተነዳም» ቢላችሁ ቁጥሩን አንብቡ።

ረ/ ጣራው ላይ ወጥታችሁ ማሸጊያውን እዩ። ወለሉን በእግራችሁ ተጫኑት፤ ከለሰለሰ ውሃ ገብቶበታል። ግድግዳው ካበጠም እንደዚሁ። የካምፐር ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃውን፥ ጋዙን፥ መብራቱን፥ ፍሬኑን ሁሉ እዚያው አሠርታችሁ እዩ። አንድ ሰዓት አይበቃም፤ ግማሽ ቀን ይዛችሁ ሂዱ።

ሰ/ የሚጎትተውን መኪና አቅም አረጋግጡ። ካምፐሩ ከነዕቃው ከሚመዝነው ከ10 እስከ 15 በመቶው በመኪናው መንጠቆ ላይ ይወድቃል። ጎትቶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ልምምዱን በፔንሲልቬንያ ተራሮች ላይ 600 ማይል ማድረግ የለበትም። እኔ አድርጌዋለሁ፤ እጄ መሪው ላይ ደርቆ ነበር። ከፍታውንም እወቁ። እዚሁ ሼናንዶዋ በስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ ያለው ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው።

ሸ/ ቨርጂኒያ ፍሬን ያለው ተጎታች እንደ መኪናችን በየዓመቱ መመርመር፥ አገር ቤት ቦሎ የምንለውን ማግኘት አለበት። ከውጭ የመጣው ይህን ያልፋል ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ አስቡ። የሚቆምበትንም ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፤ በሰፈራችን የመኪና ማቆሚያ ካምፐር ማቆም በደንባችን የተከለከለ ነው።

ቀ/ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አንድ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ውሉን ከአንድ ቀን በፊት አስልኩ። እኔ 14 ገጽ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። በኋላ ልጄ ስታነብልኝ ነው ያፈርኩት። ባለማንበቤ እንጂ ባለመማሬ አላፍርም።

በመጨረሻ

ውድ ወገኖቼ! የአምስቱ ቤተሰቦች ገንዘብ በላብ የተገኘ ነው። አንዱ በሌሊት ታክሲ እየነዳ፥ አንዷ አረጋውያን እየጦረች ያጠራቀሙት ነው። ደግሞም የጋራ ዕቃ ነው። የኔ ብቻዬን ሲሆን የተቀየመችኝ ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ይህ ቢበላሽ ግን አምስት ቤት ይቀያየማል። ለ500 ዶላር ልዩነት ብለን ወደፊት በለቅሶና በሠርግ የምንፈላለግ ሰዎች ሰላምታ እንድንከለካከል አልፈልግም።

ስለዚህ ኮሚቴው ዛሬ ውሳኔ እንዳያሳልፍ እለምናለሁ። አንድ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። በቀኙ የቅርቡ ዲለር፥ በግራው የሩቁ፤ ከላይ እስከ ታች የተናገርኩት ወጪ ሁሉ በየረድፉ አለ። አምስቱም ቤተሰቦች አንድ ላይ ሆናችሁ ሙሉት። ከታች በኩል «ቢበላሽ የሚጠግነው ማነው?» የሚል ባዶ ቦታ ትቻለሁ። በዚያ ባዶ ቦታ ስምና ስልክ ሳይጻፍ ማንም አንድ ዶላር ቀብድ እንዳይልክ።

በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ካምፐሬ በሚቆምበት ግቢ መሰላል ይዤ እጠብቃችኋለሁ። ጣራው ላይ አውጥቼ የፈሰሰበትን፥ የተጠገነበትን፥ ምን መታየት እንዳለበት አሳያችኋለሁ። ልጆቻችሁንም አምጡ፤ ቡና የምታፈላው ባለቤቴ ናት። እሷ ያኔ የጠየቀችኝን ጥያቄ አሁን ለናንተ ራሷ ትጠይቃችሁ።



የማኅበሩ ጸሐፊ